አባቴ ለምን በ60 ይነዳ ነበር

አባቴ በ60 ነበር የሚነዳው። አዲስ አበባ ውስጥ ማለቴ አይደለም፤ እዚያማ ማን ከ60 በላይ ይሄዳል? ከዓለም ገና ወጥቶ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው ገላጣ አስፋልት ላይ ማለቴ ነው። ሚኒባሱ ጥሩንባውን እያንባረቀ ያልፈናል፣ አይሱዙው ያልፈናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጣሪያው ላይ ሁለት ፍራሽና አንድ አልጋ የጫነ አሮጌ ላንድሮቨር እየተንገጫገጨ አልፎን ሄደ። እኅቴ ከኋላ ተቀምጣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "አባባ፣ ትንሽ ጨምር እንጂ" ስንለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

"አትወድም።"

መኪናዋን ማለቱ ነው። ከ60 በላይ መሄድ አትወድም ማለቱ ነው። እኛ ግን ቃሉን ተቀብለን ለራሳችን የሚስማማ ትርጉም ሰጠነው፦ አባባ አረጀ። ዓይኑ ደክሟል፣ መንገድ መፍራት ጀምሯል፣ ግን ይህን በአፉ መናገር ስለሚከብደው በመኪናዋ ያሳብባል አልን። በየመስቀሉ ቡታጅራ ወዳለችው አክስቴ ቤት ስንሄድ፣ እዚያ ደርሰን ክትፎው እስኪቀርብ ድረስ የአባቴ አነዳድ የቡና ቁርስ ይሆን ነበር። እሱም አብሮን ይስቃል። አሁን ሳስበው ሳቁ ትንሽ አጭር ነበር።

መኪናዋ የ1998 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቶዮታ ፕራዶ ናት፤ ቶዮታ ከ1996 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ካመረተው ክብ ክብ ከሚለው ትውልድ። አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጣ ከአንድ የረድኤት ድርጅት ጨረታ ገዛት። ያኔም አዲስ አልነበረችም። ቦረናንና አፋርን ስትዞር የኖረች፣ ወንበሯ ሥር እስከ ዛሬ ቀይ አፈር የሚገኝባት መኪና ናት። አባቴ ዘይቷን በጊዜው ይቀይራል፣ ማጣሪያዋን በእጁ ያጥባል፣ በየዓመቱ ምርመራዋን አሳልፎ ቦሎዋን ይለጥፋል። ከዚያ ውጭ ያለው መመሪያው "የሚሄድ መኪና አይነካም" የሚል ነው። በዚህ መመሪያ 14 ዓመት ሄደ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የዓይን ሞራ ግርዶሹን በቀዶ ሕክምና አስወገደና ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ እንዳይነዳ ነገረው። ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ምንም ማስጠንቀቂያ አልጨመረም፤ ደግሞም ለምን ይጨምራል? አስጠንቅቆናል እኮ፤ አልሰማነውም እንጂ።

መጀመሪያ ወደ ከተማ ዳርቻ ስወጣ በ90 ልነዳ ሞከርኩ። መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ መኪናዋ ግን በራሷ ሐሳብ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ ትንሽ ስመልሳት አልፋ ወደ ግራ ትሄዳለች። ከባድ መኪና ከፊት ሲመጣ ንፋሱ ኋላዋን ይነቀንቃታል። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ መሬት የሚስም ይመስል ወደ ታች ይደፋል። ያኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ሌሎች ሰዎችም የሚደርሱበት ነው፤ "ትልቅ መኪና እንዲህ ነው፣ ከፍ ያለች ስለሆነች ነው፣ ትለመዳለች።" እውነትም ተለመደች። ይልቁንም እኔ ተለማመድኩ። እጄ ሳይታዘዝ መሪውን በየሰከንዱ ማረም ተማረ። እግሬ ከኮብልስቶኑ በፊት አስቀድሞ ነዳጅ መቀነስ ተማረ። በሁለተኛው ወር የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ጀመርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላሰብኩበትም።

ግንቦት ላይ እኅቴን ከቦሌ ይዤ ወደ ሰበታ ለለቅሶ ስሄድ ዝም ብላ ቆይታ፣ "አንተም አረጀህ እንዴ?" አለችኝ። የፍጥነት መቁጠሪያውን አየሁት። 60 ላይ ቆሟል። አፌን ስከፍት ሊወጣ የነበረው ቃል "አትወድም" የሚለው ነበር።

ያን ቀን ነው ነገሩ የተገለጠልኝ ማለት አልችልም፤ ተገልጦልኝ ቢሆን ኖሮ እስከ ነሐሴ አልቆይም ነበር። የመኪና እግር፣ ማለትም ጎማዎቹን ከመኪናው ጋር የሚይዘው ክፍል፣ አንድ ቀን ተነሥቶ አይሰበርም። ሞተር ሲበላሽ ይጨሳል፣ ባትሪ ሲሞት ጠዋት አልነሣም ይላል፤ የእግር ክፍል ግን በየቀኑ የአሸዋ ቅንጣት ያህል ይላላል፤ ነጂውም በየቀኑ የአሸዋ ቅንጣት ያህል ይለምዳል። ሁለቱ እኩል ስለሚራመዱ አንዱ ሌላውን አያየውም። የሚያየው እንደ እኅቴ ያለ እንግዳ ነው።

ነሐሴ ላይ፣ መስቀል ሳይደርስ ብዬ፣ ጎተራ አካባቢ አንድ የታወቀ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሥራውን በደርግ ጊዜ በልጅነቱ የጀመረ፣ ዛሬ ጸጉሩ የነጣ ሰው ነው። እኔ ክሪክ ያመጣል ብዬ ስጠብቅ እሱ አጠገቤ ገብቶ ተቀመጠና "ንዳ፣ ልጄ" አለኝ። ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው የኮብልስቶን መንገድ ስንገባ ዓይኑን ጨፈነ። ጥቂት ሜትር እንደሄድን፣

"ሬዲዮውን ዝጋው" አለኝ።

ዘጋሁት። ወራት ሙሉ በዘፈንና በዜና የሸፈንኩት ጓ-ጓ-ጓ የሚል ድምፅ መኪናውን ሞላው። አፈርኩ። መካኒኩ ዓይኑን ሳይገልጥ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ቀጭኑ ድምፅ የስታቢላይዘሩ፣ መኪናዋ እንዳታዘነብል የሚይዘው ዘንግ፣ ማያያዣ ነው። ወፍራሙ፣ ከግራ በኩል የሚመጣው፣ የታችኛው ክንድ ጎሚኒ ነው፤ ጎሚኒ በብረቶቹ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባው ላስቲክ ነው። ከኋላ የሚጎትተው የረጅሙ ዘንግ ጎሚኒ ነው። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰምቶ ዝም አለ። "ተመለስ" አለ። "ቀስ ብለህ።"

መኪናዋን አንሥቶ ከጎማው ሥር የብረት ዘንግ አስገባና ወደ ላይ ፈነቀለ። ጎማው ተነቃነቀ። መሽከርከሩን አይደለም የምለው፤ ሙሉው ጎማ ከነቸርኬው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ልትወልቅ እንደደረሰች የሕፃን ጥርስ ተነቃነቀ። ረዳቱ ልጅ አፉን ይዞ ቆመ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ማን ነው ይህችን የሚነዳት?" ሲል ጠየቀ። እኔ ነኝ ብዬ፣ ከእኔ በፊት አባቴ ነበር አልኩት። "በስንት ነው የሚነዳት?" አለ። በ60 አልኩት። ራሱን ነቀነቀና "አባትህ ብልህ ሰው ናቸው" አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ መካኒክነት ልነግራችሁ ነው። የማትወዱ ወደ ሶማሌ ተራው ክፍል ዝለሉ፤ እኔ ግን ያን ዕለት ከሰማሁት በላይ የሚጣፍጥ ነገር ባለፈው ዓመት አልሰማሁም።

የፕራዶ የፊት ጎማ በሁለት ክንድ፣ በላይኛውና በታችኛው፣ የተያዘ ነው። ክንዶቹ በአንድ ጫፋቸው በጎሚኒ ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የብረት አፅም፣ ጋር ይያያዛሉ፤ በሌላው ጫፋቸው ጎማውን የሚሸከመውን ብረት በቴስቲና ይይዛሉ። ቴስቲና በጎድጓዳ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የብረት ኳስ ነው፤ ልክ እንደ ሰው የዳሌ መገጣጠሚያ። ጎማው ሲዞርም ሲዘልም በእሱ ላይ ነው። የብዙ መኪኖች የታችኛው ቴስቲና የሚሠራው የመኪናው ክብደት ኳሱን ወደ ቤቱ እንዲጫነው ሆኖ ነው፤ ቢያልቅ እንኳ ይንኳኳል እንጂ ኳሱ በቀላሉ ቤቱን ለቅቆ አይወጣም። በዚህ ትውልድ ፕራዶ ግን አቀማመጡ የተገላቢጦሽ ነው። ክብደቱ ኳሱን ከቤቱ ወደ ውጭ ይስበዋል። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና በእያንዳንዱ ጉድጓድ ኳሱን ከቤቱ ሊያወጣው ይጎትታል ማለት ነው። ቴስቲናው ደኅና እስከሆነ ድረስ ምንም አይደለም፤ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ሲያልቅ ግን ኳሱ ከቤቱ ይወጣል፤ ጎማውም ከመከላከያው ሥር ታጥፎ ይተኛል። መኪናዋ በግንባሯ አስፋልት ላይ ትወድቃለች። መካኒኩ እንዲህ የሆነች አንዲት መኪና በሕይወት ከተረፈ ነጂዋ ጋር ተጎትታ መጥታለት ያውቃል።

"ይህ በ60 ሲሆን ትደነግጣለህ፤ በ100 ሲሆን ግን ለመደንገጥም ጊዜ የለህም" አለኝ።

ሾክ አብዞርበሮቹም አልቀው ነበር፤ አንደኛው ዘይቱን አፍስሶ ጨርሶ ከላዩ ጥቁር ጭቃ ጋግሯል። የዚህን ዕቃ ሥራ ሁላችንም ተሳስተን ነው የምናውቀው ይላል መካኒኩ፣ ስሙም ያሳስታል። ጉድጓዱን የሚውጠው ሾክ አብዞርበሩ አይደለም፤ ሞላው ነው። ችግሩ ሞላ የዋጠውን መልሶ መትፋቱ ነው። አንድ ጉድጓድ ሲያገኝ ይጨመቃል፣ ይለጠጣል፣ እንደገና ይጨመቃል፤ ካልያዙት ሲጨፍር ይውላል። ሾክ አብዞርበሩ ያዥው ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ጭፈራው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከረጅም የፒስታ መንገድ በኋላ ሾክ አብዞርበር ብትነኩ እጃችሁን የሚያቃጥላችሁ ለዚህ ነው። ያዥው ሲሞት ጎማው በአስፋልቱ ላይ መርገጡን ትቶ ይነጥራል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም። የእኛን ጎማዎች በመዳፌ ስዳብሳቸው ዙሪያቸውን በየተወሰነ ርቀት ጎድጎድ ጎድጎድ ብለዋል። ተነጥሮ የወደቀ ቦታ ሁሉ ይበላል።

መኪናዋ ሥር ተጋድሜ ይህን ሁሉ ስሰማ ጆሮዬን የያዘው ሌላ ነገር ነበር፤ ቃላቱ። ጃፓን የሠራው መኪና ሥር ተኝተን የምንነጋገረው በጣልያንኛ ነው። ሞላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ። ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ተባረረ፤ የመፍቻና የብሎን ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀርተው ዜግነት አግኝተዋል። ትርጉማቸውን ባየሁ ጊዜ ደግሞ የበለጠ ወደድኳቸው። ኩሽኔታ ማለት ትንሽ ትራስ ነው። ቴስቲና ትንሽ ጭንቅላት ነው። ባሌስትራ፣ በአይሱዙ ኋላ ተደራርቦ የምናየው የብረት ዝርግ፣ በጣልያንኛ ፍላጻ የሚወረውር የጥንት ጦር መሣሪያ ስም ነው፤ ቅርጹን አስቡትማ፣ የተለጠጠ ቀስት አይደለም? ሾክ አብዞርበር የምንለው ደግሞ ከእንግሊዝኛ ዘግይቶ ደርሶ አጠገባቸው ቦታ ያገኘ ነው። ረዳቱ ልጅ "ቴስቲናው አልቋል" ሲል ትንሽ ጭንቅላት አለቀ ማለቱን አያውቅም። ማወቁም አያስፈልገውም፤ ቃሉ የእሱ ነው።

ሶማሌ ተራ የሄድኩት በማግስቱ ነው፤ መርካቶ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር። መካኒኩ ዝርዝሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ሲሰጠኝ አንድ ምክር ጨመረ፦ "ቴስቲና ያገለገለ እንዳትገዛ፤ ሞላ ግን ያገለገለ ኦርጅናል ካገኘህ ከአዲስ ቅጂ ይሻላል።" እዚያ ስደርስ የምክሩ ጥበብ ገባኝ። አንዱ ሱቅ የታወቀ የጃፓን ስም የተጻፈበት የሚያምር ካርቶን ከፍቶ ቴስቲና አሳየኝ። ቆንጆ ነው፣ ያብረቀርቃል። በጣቴ ኳሱን ሳዞረው ግን እንደ በር ማጠፊያ ያለ ምንም ተቃውሞ ዞረ። መካኒኩ የነገረኝ አዲስ ቴስቲና በጣት በቀላሉ መዞር እንደሌለበት ነው፤ ጠጣር ሆኖ እየታገለ መዞር አለበት። ካርቶኑን መልሼ ዘጋሁት። ነጋዴው አልተቆጣም፤ ፈገግ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ፣ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወጣ። "ይህ ለሚያውቅ ነው" አለ። እኔ ምንም አላውቅም፤ የአንድ ቀን ተማሪ ነኝ። ግን ዝም አልኩ።

ስለ ዋጋው ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ያማል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወዴት እንደሄደ የማያውቅ የለም። ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት ለአራቱም ሾክ አብዞርበር የከፈለው ገንዘብ ለእኔ ለሁለቱ አልበቃም። አንድ ወዳጄ "ለዚህች አሮጌ ይህን ሁሉ ከምታወጣ ሽጣትና ሌላ ግዛ" አለኝ። ምን ልግዛ? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የጣለው ቀረጥ አለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ እዚህ አገር ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ባለበት ከእኛ ጋር ማርጀት አለበት። እኔ በበኩሌ የኤሌክትሪኩን አልጠላም፤ ሲመጣ ይምጣ። ግን ለአሁኑ አገሪቱ የምትሄደው በጎሚኒ ነው፤ ይህን ከሶማሌ ተራ ነጋዴዎች የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አንድ ስስት ግን ሞክሬ ነበር። የግራው ቴስቲና ነው ያለቀው፤ የቀኙ ትንሽ ይቆያል። "ጋሼ፣ ግራውን ብቻ ብንቀይረውስ?" አልኩት። መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ እግርህ አዲስ ጫማ፣ ሌላው ያለቀ ነጠላ ጫማ አድርጎ ቡታጅራ ድረስ መሄድ ከቻልክ እቀይርልሃለሁ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የቀኙ እኮ የተሠራው በአንድ ቀን ነው፣ የሄደው በአንድ መንገድ ነው፤ ለምን ይተርፋል?" አለ። ሁለቱንም ገዛሁ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ፤ ግማሹን የበላው አንድ ቡሎን ነው። የታችኛውን ክንድ ከሻንሲው ጋር የሚያስረው ቡሎን ራሱ ላይ ያልተስተካከለ ክብ ብረት አለው፤ እሱን በማዞር ነው የጎማው አቀማመጥ የሚስተካከለው። ለ27 ዓመት ውኃና ጭቃ ሲጠጣ ኖሮ ከጎሚኒው የውስጥ ቱቦ ጋር ዝጎ አንድ አካል ሆኗል። ዘይት ጠጣ፣ በእሳት ተሞቀ፣ በመዶሻ ተመታ፤ ንቅንቅ የለም። ረዳቱ ልጅ በትልቁ ቁልፍ ላይ ቱቦ አስረዝሞ ሲንጠለጠልበት ዳዶው ተፈታ፣ ቡሎኑ ግን ጎሚኒውን ይዞ አብሮ ይዞራል። በመጨረሻ በግራይንደር ሁለት ቦታ ተቆረጠ። ብልጭታው ጋራዡን ሲሞላ፣ ከጎረቤት ሱቅ ሻይ የሚያመጣው ልጅ ሰሃኑን ይዞ ቆሞ እንደ ርችት ተመለከተው። አሮጌው ጎሚኒ ቶርኖ ቤት ሄዶ በፕሬስ ተገፍቶ ሲወጣ ከላስቲክ ይልቅ ከሰል ይመስል ነበር።

የኋላው እንደዚያ አላስቸገረም። ሞላዎቹ ተቀየሩ፤ የግራው ከቀኙ ሦስት ጣት አጥሮ ነበር። በዚህ በኩል ይበቃል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን በመጨረሻው ሰዓት የሆነው ነው። አዲሶቹ ጎሚኒዎች ገብተው፣ ክንዶቹ ተሰቅለው፣ ረዳቱ ልጅ ቁልፉን ይዞ ሊያጠብቅ ሲል መካኒኩ ጮኸበት። "አታጥብቅ! አውርዳት!" መኪናዋን ከክሪኩ አወረዷት፤ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ ቆመች። መካኒኩ ከፊትም ከኋላም ገፋ ገፋ አድርጎ እንድትደላደል ካደረገ በኋላ ራሱ ከሥሯ ገብቶ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ ተጋድሞ፣ እያቃሰተ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ሲወጣ ጠየቅኩት። ጎሚኒ አይሽከረከርም አለኝ፤ ላስቲኩ ከውስጥም ከውጭም ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፤ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ብታጠብቀው ላስቲኩ "ቤቴ እዚህ ነው" ብሎ ይይዛል፤ መኪናዋ መሬት ስትወርድ ቆማም ቢሆን ተጠምዝዞ ነው የሚውለው። ሌሊቱን ሙሉ ተጠምዝዞ ያድራል። በዓመቱ ይቀደዳል። "ቆማ ስትውል በምትሆንበት ቁመት ነው መታሰር ያለባት" አለ። ከዚያ ከአሮጌዎቹ ጎሚኒዎች አንዱን አንሥቶ የተቀደደበትን መስመር አሳየኝ፤ ከዚህ በፊት የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ተንጠልጥላ ሳለች አጥብቋት ነበር። አባቴ ሳይገዛት በፊት መሆን አለበት። ማንም ላያውቀው ይችል የነበረ የአምስት ደቂቃ ስንፍና ነው።

አላይመንት ካሠራሁ በኋላ ብቻዬን ቀለበት መንገድ ላይ ወጣሁ። ስለዚያ ቀን ብዙ የምለው የለም። መሪውን በሁለት ጣት ይዤ ነዳሁ። ሬዲዮው ዝግ ነበር።

ዕቃዎቹን በፌስታል ይዤ አባቴ ጋ ሄድኩ። ያጠፋሁትን ገንዘብ እንዲያምን ማስረጃ ለማሳየት አስቤ ነበር፤ እሱ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው ነው። ቴስቲናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። በአዲሱ ዓይኑ አገላብጦ አየው። በአውራ ጣቱ ኳሱን ሲነካው ኳሱ በቤቱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ አለ። እንደገና ነካው፤ ቀጭ አለ። መካኒኩ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ክብደቱ፣ ስለሚታጠፈው ጎማ፣ በ100 ለመደንገጥ ጊዜ ስለ ማጣት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "የእኅትህን ልጆች ትምህርት ቤት የማመላልሰው በዚህ ነበር" አለ።

"በ60" አልኩት።

"አውቅ ነበር" አለ። "ምን እንደሆነች አላውቅም፤ እንደማትወድ ግን አውቅ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ "ደክሞኛል ብላችሁ ስትስቁ አንዳንዴ እውነት ይሆን እላለሁ" አለ። እኔ የምመልሰው አልነበረኝም። እናቴ ቡና ይዛ ገባች፤ ቴስቲናውን ከጠረጴዛ ጨርቋ ላይ አንሡልኝ አለች።

ቴስቲናው አሁን መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ፣ ከአንድ የድሮ የቁፋሮ ጥርስ አጠገብ ተቀምጧል።

መስከረም 16 ጠዋት ወደ ቡታጅራ ስንነሣ አባቴ ሳይጠየቅ በነጂው በር ሄዶ ቆመ። ቁልፉን ሰጠሁት። እኔ አጠገቡ፣ እናቴና እኅቴ ከኋላ። መንገዱ በመስቀል ተጓዥ ተጨናንቋል፤ ዓለም ገናን እስክናልፍ ድረስ እንደ ወትሮው ተጎተትን። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ። 60 ላይ ሲደርስ እግሩ ከልማዱ ነዳጁን ለቀቅ አደረገ፤ አየሁት። ጠበቀ። መሪውን በጣቶቹ ጫፍ አዳመጠ። ምንም አልመጣም። 70 ሆነ። የአዋሽን ድልድይ አልፈን ወደ ጥያ በሚያወጣው መንገድ ላይ ትክል ድንጋዮቹ ወዳሉበት ሰፈር ስንቃረብ 85 ላይ ነበርን፤ አንድ ሚኒባስም በግራ አልፈን ሄድን።

"ኧረ አንተ ሰው፣ ቀስ በል!" አለች እናቴ የወንበሩን ጀርባ ይዛ።

አባቴ በመስታወቱ አያት።

"አትወድም" አላት።